«ከስንት?» ሳልል የቀረሁበት ክረምት

በሰፈራችን ለበዓል ቅርጫ ሲታረድ ሥጋውን የምመድበው እኔ ነኝ። ማንም መርጦ አልሾመኝም። አንድ ጊዜ የተለመደው መዳቢ ታሞ ቀረና ቢላዋውን አነሳሁ፤ ከዚያ ወዲህ ከእጄ የሚቀበለኝ ጠፋ። ዓይኑ ልክ ነው ይሉኛል። እኔም ልክ መሆኑን አምናለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ትሕትና አላበዛም። መቼም ቅርጫ ማለት ሰዎች ተዋጥተው አንድ በሬ የሚካፈሉበት ነው፤ ሥጋው በመደብ በመደብ ይቀመጣል፣ ከዚያ ዕጣ ይወጣል። የመዳቢው ሥራ ዕጣ የወጣለት ሰው ሁሉ ሳያኮርፍ ወደ ቤቱ እንዲገባ ማድረግ ነው። ይህን ያስቀደምኩት ወደ ኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

ልጄ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የወሰደችበት ክረምት ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ተማሪዎቹ እዚያው እያደሩ ነው የሚፈተኑት። እሷም አንሶላዋን፣ ሳሙናዋንና እናቷ ያዘጋጀችላትን ዳቦ ቆሎ ይዛ ስትገባ ባሕር የምትሻገር ነበር የምትመስለው። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ግቢው ግን አርባ ምንጭ ከፍታው ላይ ካለው ሰፈራችን ከሴቻ ቁልቁል ለሚያይ ጣሪያው ይታያል። ባለቤቴ ሲመሻሽ በረንዳ ላይ ትወጣና ወደዚያ ታያለች። «መብራቱ በርቷል» ትለኛለች። ምን እንድላት እንደምትፈልግ አልገባኝም፤ «አዎ፣ በርቷል» እላታለሁ።

ልጃችን ከአራተኛ ክፍል ጀምራ የምትለው አንድ ነገር ነው፤ የእንስሳት ሐኪም መሆን። ዶርዜ ያለችው እናቴ አንዲት ላም ነበረቻት፤ ላሚቱ ታማ ሐኪም ሳይደርስላት ሞተች። ልጅቷ ያን ቀን አልቅሳ ሳትጨርስ ሐሳቧን ወሰነች፣ ከዚያም አልለወጠችውም። ሌሎች ልጆች በየዓመቱ አንዴ ፓይለት አንዴ ዶክተር ሲሉ፣ የእኔዋ ከላምና ከፍየል ፈቀቅ አላለችም። ለዚህ ደግሞ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ መግባት አለባት። ፈተናው ስድስት ትምህርት ነው፣ ድምሩ ከስድስት መቶ ነው፣ ግማሹን ማለትም ሦስት መቶ ያመጣ ያልፋል። ይህን አገር ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ።

ከፈተና ስትመለስ እናቷ ሕግ አወጣች፤ ውጤት እስኪመጣ ድረስ ማንም ስለ ፈተናው እንዳይጠይቃት። ባለቤቴ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፣ ሕግ ማውጣት ታውቅበታለች። በቤቱ ውስጥ ደግሞ ከእኔ ሌላ ጠያቂ ስለሌለ ሕጉ ለማን እንደወጣ ግልጽ ነበር። ተቀበልኩ።

በዚያው ሳምንት አንድ ቅዳሜ ከግቢያችን ማንጎ ላይ የደረቀ ቅርንጫፍ ልቆርጥ ወጥቼ ሳለ ልጄና ሁለት ጓደኞቿ መጥተው ከዛፉ ሥር ተቀመጡ። እኔን አላዩኝም። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው የደረሰ የመንግሥት ሠራተኛ ዛፍ ላይ ይኖራል ብሎ ማን ይጠረጥራል? በየትምህርቱ እርግጠኛ የሆኑበትን ጥያቄ እያነሱ ይቆጥሩ ጀመር። ሕጉ መጠየቅን እንጂ መስማትን አይከለክልም፤ ስለዚህ መጋዙን ይዤ ዝም አልኩ። ልጄ «እንግሊዝኛ ሰባ» ስትል ደስ አለኝ። «ባዮሎጂ ሃምሳ ስምንት» አለች፤ መልካም። «ኬሚስትሪ አርባ አምስት»፤ እሺ። «አፕቲቲዩድ ሠላሳ ስድስት፣ ሒሳብ ሠላሳ።» ይሄስ አነሰ። «ፊዚክስ ሃያ ሰባት» ስትል መጋዙ ከእጄ ሊያመልጥ ነበር። የሚገርመው ሃያ ሰባት ስላለች ጓደኞቿ አጨበጨቡላት። የዛሬ ልጆች በወደቀ ነገር ያጨበጭባሉ ብዬ ተናደድኩ።

እነሱ ከሄዱ በኋላ እዚያው ዛፉ ላይ ደመርኩት። ሁለት መቶ ስልሳ ስድስት። ደግሜ ደመርኩ። ያው ሁለት መቶ ስልሳ ስድስት ነው። ሦስት መቶ አይሞላም።

እኔ የማትሪክ ልጅ ነኝ። በእኛ ጊዜ ውጤት በፊደል ይመጣል፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እየተባለ። ፊደሉ ወደ ነጥብ ይቀየራል፣ ተደምሮ ይካፈላል፣ ሁሉም ነገር ከአራት ነው። ሁለት ነጥብ ስምንት ያለ ሰው ሁለት ነጥብ ስምንት ነው፤ «ከስንት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም እንደ ሞኝ ነበር የሚታየው። ምናልባት ከዚያ የተረፈኝ ልማድ ይሆናል፤ ቁጥሩን ሰማሁ፣ ደመርኩ፣ አዘንኩ።

ምክር ፍለጋ የሄድኩት ጎረቤቴ ወደሆኑት ጡረተኛ መምህር ነው። ከጎጃም በወጣትነታቸው ተመድበው መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። ሒሳብ አስተምረውኛል፤ እስከ ዛሬ «አንተ ልጅ» ነው የሚሉኝ። ሕጉን እንዳላፈርስ የልጄን ነገር ሳላነሳ፣ ድሮ ማትሪክ እንዴት ነበር የሚታረመው ብዬ ጀመርኩ።

«በውድድር ነበራ» አሉኝ። «ያንተ ውጤት ያንተ ብቻ አይደለም። አገሩ ሁሉ ሲከብደው ዝቅ ያለ ቁጥርም ጥሩ ፊደል ያመጣል። አገሩ ሁሉ ሲቀለው ደግሞ ጉድህ ፈላ።»

ተስፋዬ ለመለመ። አገሩ ሁሉ ይክበደው እንጂ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጎበዝ ልጅ ባየሁ ቁጥር ቅር ይለኝ ጀመር። መነጽር ያደረገ ተማሪ ሲያልፍ ፊቴን አዞራለሁ። እሑድ በቤተ ክርስቲያናችን ለተፈታኞች በሙሉ ይጸለይ ሲባል ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ እኔ ግን «በሙሉ» የምትለዋ ቃል አስቸገረችኝ። ጌታ ልቤን ያያል፤ አንድ ዓይኔን ገልጬ ከፊት ያሉትን ጎበዞች እየቆጠርኩ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ መምህሩ ተመልሼ፣ «ጋሼ፣ አሁንም እንደዚያው በውድድር ነው አይደል?» አልኳቸው።

«የለም የለም። አሁን ግማሽ ያመጣ ያልፋል። አገሩ ሁሉ ቢያመጣ አገሩ ሁሉ ያልፋል።»

«ታዲያ ምነው ያን ቀን አልነገሩኝም?»

«የጠየቅኸኝ ስለ ድሮው ነዋ።»

ሰው ላይ ክፉ መመኘቴ ያለ ጥቅም ቀረ። «ሁለት መቶ ስልሳ ስድስትስ ከስድስት መቶ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ፤ «ግማሽ አልሞላም፣ ምን ጥያቄ አለው» አሉ። እውነታቸውን ነው። እኔ በሰጠኋቸው ቁጥር ማንም ቢሆን ከዚህ ሌላ መልስ አይሰጥም።

ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን በሙሉ ልጄን ነበር የማስበው። በልጅነቷ ፍየል አስራ በፎጣ ቁራጭ እግሯን የጠቀለለችላት ልጅ፤ ፍየሏ ምንም አልሆነችም ነበር። አሳዘነችኝ። ውጤቱ ሲመጣ ብቻዋን አትደነግጥም፣ እኔ ቀድሜ አዘጋጃታለሁ ብዬ ወሰንኩና ንግግር ማዘጋጀት ጀመርኩ። መጀመሪያ በጋሞኛ ነበር ያሰብኩት፤ ምክር በጋሞኛ ይሞቅልኛል። ግን ልጄ ጋሞኛ ብትሰማም እኔ ኮስተር ብዬ ስናገረው ሳቅ ያመልጣታል። ወደ አማርኛ መለስኩት። ቢሮ መዝገብ እያገላበጥኩ፣ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ፣ ሻወር ቤት ገብቼ ስለማመደው ከረምኩ። እንዲህ ነበር የሚለው፦ «ልጄ፣ ብትወድቂም ልጄ ነሽ። ቤትሽ ይሄው ነው፣ በሩ አይዘጋም። ሲደክምሽ ትመጫለሽ፣ ትበያለሽ፣ ትተኛለሽ፣ እንደገና ትነሻለሽ።»

ችግሩ፣ በልቤ ይህን የመሰለ ነገር ይዤ እንደ ወትሮዬ መቆጣት አቃተኝ። መብራት አጥፉ ብዬ መጮህ ተውኩ። ልጄ የበላችበትን ሳህን አጠብኩላት። ከታችኛው ከተማ ከሲቀላ ስመለስ አቮካዶ ጭማቂ በላስቲክ አስቋጥሬ ይዤላት መጣሁ። እናትና ልጅ ይተያያሉ። አንድ ቀን ባለቤቴ በሩን ዘጋች።

«ምንህን ነው የሚያምህ?» አለችኝ።

«ምንም አላመመኝም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሳህን አጥበሃል እኮ።»

እምቢ ብልም አልለቀቀችኝም፤ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ደም ግፊት ደህና ነው፣ ስኳርም የለም። ሐኪሙ ጤነኛ ነህ ሲለኝ ባለቤቴ ጭራሽ ፊቷ ጠቆረ። ያልተገኘ በሽታ ከተገኘው ይከፋል ብላ ታምናለች።

ጳጉሜ ላይ ልጄን «ኩልፎ ወንዝ ዳር ወንድሜ ማሳ ሄደን ሙዝ እናምጣ» አልኳት። ሐሳቤ ንግግሩን እዚያ ልነግራት ነው። የሙዝ ማሳ ጥላው ደስ ይላል፣ የወንዙ ድምፅም አለ፤ ብታለቅስም ሰው አያያትም። የመስኖውን ቦይ ተሻግረን ግንድ ላይ ተቀመጥን። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ልጄ» አልኩ።

እጄን ያዘችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «ባባ፣ አትድከም። እማዬ ነግራኛለች። ምንም ዓይነት በሽታ ቢሆን አብረንህ ነን።»

ሰው እያጽናናህ እንዴት ታጽናናዋለህ? እኔን የማታጣኝ መሆኑን ሳስረዳት፣ ጤነኛ መሆኔን ስምልላት ፀሐይ ዘቀዘቀች። ንግግሬን ከነሙዙ ተሸክሜ ተመለስኩ።

የአዲስ ዓመት ዋዜማ ቅርጫችን የታረደው እዚያው ማሳ ውስጥ ነው። ሥጋው የሚቀመጥበት የሙዝ ቅጠል እጅግ ብዙ ነው፤ ውኃም ቅርብ ነው። ማልደን ጀመርን፤ ፀሐይ ሳትበረታ መደቦቹ ተሰለፉ። ጡረተኛው መምህር ባለድርሻ ስለሆኑ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ልጄ ድርሻችንን ልትወስድ ሳፋ ይዛ ከጎኔ ቆማለች። ዕጣ ሊወጣ ሲል አንድ ከኦቾሎ የመጣ ሸማኔ ጎረቤታችን አንዱን መደብ ቁልቁል ሲያይ ቆየና ራሱን ነቀነቀ።

«ይቺ መደብ አነሰች እኮ» አለ። «ያቺ አሥራ ሁለት ቁራጭ አላት። ይቺ ስድስት ብቻ።»

ክረምቱን በሙሉ ያጠራቀምኩት ቁጣ መውጫ አገኘ። «ቁራጭ ምን ያስቆጥርሃል?» አልኩት። «እዚህ ስድስት ነው፣ ግን እያንዳንዱ ቁራጭ የዚያን ሁለት ያህላል። እዚያ የበዛው ትንንሽ ስለሆነ ነው። የተቆረጠበት ይለያያል እንጂ መደብ እኩል ነው። ይህን ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት ያስፈልጋል?»

ልጄ ሳቀች። «ልክ እንደ ፊዚክስ» አለች።

«ምኑ ነው እንደ ፊዚክስ?»

«መደቡ። የፊዚክስ ጥያቄ ሃምሳ ብቻ ነው፤ አንዱ ሁለት ነጥብ ይይዛል። እንግሊዝኛ መቶ ሃያ ጥያቄ ነው፤ አንዱ አንድ ነጥብ እንኳ አይሞላም። መጨረሻ ላይ ሁሉም ወደ መቶ ይቀየርና እኩል ይሆናል።»

ቢላዋው እጄ ላይ ቆመ። «ታዲያ ሃያ ሰባቱ?» አልኳት።

«የቱ ሃያ ሰባት?»

«ፊዚክስ ያገኘሽው ነዋ።»

«ማን ነገረህ?»

ዋሽቼ ማምለጥ እችል ነበር፤ ግን ጭንቅላቴ ሥራ በዝቶበት ነበር። «ዛፉ ላይ ነበርኩ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ቅርጫው ቆመ። አንድ ያልተነካ የሙዝ ቅጠል ስቤ በቢላዋ ጫፍ መጻፍ ጀመርኩ፤ የሙዝ ቅጠል ሲጫር ይጠቁራል፣ ጥሩ ይጻፍበታል። ጋሼ ከበርጩማቸው ተነስተው መጡ። ያደረግሁትን ስነግራቸው አዩኝና «ተማሪዬ ነበርክ እኮ» አሉ። ከዚያም፣ «ሁለት መቶ ስልሳ ስድስት ብለህ ስትጠይቀኝ ከስንት ጥያቄ እንደሆነ ለምን አልነገርከኝም? ቁራጭ ቆጥረህ አመጣህልኝ» ብለው ተቆጡ። ቁጣቸው ደስ አለኝ። በክፍል ውስጥም እንደዚያው ነበሩ።

ልጄ የየትምህርቱን የጥያቄ ብዛት ትናገራለች፣ ጋሼ ያካፍላሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ያዘንኩበት ሃያ ሰባት ሃምሳ አራት ሆነ። የተደሰትኩበት ሰባ ደግሞ ሃምሳ ስምንት ሆኖ አረፈው፤ ሁለቱ እኩል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። ሠላሳ ስድስቱ ስልሳ ሆነ። ሸማኔው ጎረቤቴ የራሱን መደብ ረስቶ ከትከሻዬ በላይ እያየ በጣቱ አብሮን ይደምር ነበር። ድምሩ ሦስት መቶ ሠላሳ ሁለት መጣ።

ዓይኔን በክንዴ ጠረግሁ፤ እጄ ደም ነበር። ልጄ ታየኛለች። ሳህኑም፣ አቮካዶውም፣ ሙዝ ማሳው ውስጥ «ልጄ» ብዬ የቀረሁትም አሁን ገባት። «ስለዚህ አልታመምክም» አለችኝ። አልታመምኩም አልኳት። ሳፋውን አስቀምጣ ሥጋ የነካ ሸሚዜን ሳትጸየፍ አቀፈችኝ። ሰዎቹ ዕጣ ይውጣ እያሉ ያጉረመርሙ ጀመር። ያቺ ስድስት ቁራጭ ያላት መደብ ለማን ወጣች? ለእኔ።

ባለቤቴ ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ ተቀመጠች፤ ከዚያ እስኪያማት ሳቀች፤ በመጨረሻም ሕግ በመጣስ ከሰሰችኝ። ዛፍ ላይ መስማት መጠየቅ አይደለም ብዬ ተከራከርኩ፣ አልተሳካልኝም። ሳህን ማጠቡ ግን ይቀጥል ተባለ።

በእርግጥ የሙዝ ቅጠል ውጤት አይደለም። እርግጠኛ ነኝ ያለችው ተሳስቶ፣ የገመተችው ደግሞ ገጥሞ ሊሆን ይችላል። እውነተኛው ውጤት መስቀል ሳይደርስ ወጣ። መስመሩ ተጨናንቆ ስልኩ ክብ ምልክቱን እያሽከረከረ ግማሽ ቀን አንገላታን። ሲከፈት ስድስቱም ትምህርት እያንዳንዱ ከመቶ ተጽፎ፣ ከሥሩ ድምሩ ሦስት መቶ አርባ አንድ ይላል። ሒሳብ ከሃምሳ በታች ነው። ልጄ ገና እሱን አይታ ፊቷ ሊጠቁር ሲል እናቷና እኔ እኩል «መደቡን እይ» አልናት።

ለመስቀል ዶርዜ ወጣን። «ዮ ማስቃላ» እያለ የሚሳሳመው ዘመድ ሁሉ የሚጠይቀው ውጤቷን ነበር፤ ሦስት መቶ አርባ አንድ ሲባል እኔ ፈጥኜ «ከስድስት መቶ» እላለሁ። የሚሰማኝ ሰው ይሰልቸው እንጂ ያንን ቃል ሳልጨምር ቁጥር መጥራት ከዚያ ወዲህ አልሆነልኝም። እናቴ ቁጥሩን ከነአካቴው አልፈለገችም። ቆጮውን በዳጣ በርበሬ እያጎረሰቻት፣ «ከብት ማከም መቼ ትጀምሪያለሽ?» ብቻ አለቻት።

ከዚያ ምደባ መጣ። የዩኒቨርሲቲ ምደባም ምደባ ነው፤ ልጄ «ባባ፣ አንተ ብትመድብ ኖሮ እዚሁ አርባ ምንጭ ትተወኝ ነበር» ብላ ቀለደችብኝ። ልክ ናት፣ እተዋት ነበር። የደረሳት ሰሜን ነው፤ መንገድ ላይ ታድሮ የሚገባበት ሩቅ አገር። የፈለገችው ትምህርት ግን እዚያ ይሰጣል፤ ስለዚህ እሷ ስትዘል እኔ በካርታ ላይ መንገዱን እለካ ነበር።

የሸኘናት ማለዳ ላይ ነው። መነኸሪያው ሻንጣና ጆንያ በጫኑ ሰዎች ተጨናንቋል። እናቷ ዳቦ ቆሎውን ደግማ ደግማ አሳየቻት። ረዳቱ ግቡ እያለ የአውቶቡሱን ጎን መደብደብ ሲጀምር አንድ ነገር ማለት እንዳለብኝ ገባኝ። ያዘጋጀሁት ነገር አልነበረም። ወይም አንድ ብቻ ነበረኝ።

«ልጄ» አልኳት። «ብትርቂም ልጄ ነሽ። ቤትሽ ይሄው ነው፣ በሩ አይዘጋም። ሲደክምሽ ትመጫለሽ፣ ትበያለሽ፣ ትተኛለሽ፣ እንደገና ትነሻለሽ።»

አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ በጥርጣሬ አየችኝ።

«ባባ፣ ያን ቀን ሙዝ ማሳ ውስጥ ልትነግረኝ የነበረው ይሄንን ነው?»

«ይሄንኑ ነው።»

«ስወድቅ ልትለኝ?»

«አንድ ቃል ብቻ ነው የቀየርኩት» አልኳት።

እያለቀሰች ሳቀች፤ ወይም እየሳቀች አለቀሰች፤ ከውጭ ሆኖ መለየት አይቻልም። ተሳፍራ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ባለቤቴ ክንዴን ይዛ፣ «የትኛውን ቃል?» ብላ ጠየቀችኝ። ወደ ቤት እስክንደርስ ድረስ ልነግራት አልቻልኩም።